ስንት በመቶ ጠፋ? ከምኑ?

(አዳማ ላይ ለልማት ጣቢያ ሰራተኞች፣ ለወረዳ የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎችና ለጥቂት ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች የተወሰኑትን አስገብቻቸዋለሁ፤ ከንግግሩ እነሱ ይሻላሉ።)

እንደምን አረፈዳችሁ።

ሁላችሁም የምታውቁት ቅጽ አለ። ቀበሌ፣ የሰብል ዓይነት፣ የተጠቃ መሬት በሄክታር፣ ከዚያ «የጉዳት መጠን በመቶኛ» የምትል ጠባብ ሳጥን። ያቺ ሳጥን ባዶዋን ወደ ወረዳ ሄዳ አታውቅም። ሁሌም የሆነ ቁጥር ይገባባታል፤ ቁጥሩ ደግሞ ሁሌም ድፍን ነው። 20፣ 30፣ 50፣ ባስ ሲል 80። 37 በመቶ የሚል ሪፖርት ያየ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። (ሳቅ ነበር፤ እጅ ግን አልወጣም።)

በሽታና ተባይ ምርት ይቀንሳል፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ምን ያህል የሚለው ላይ ነው። ያ ቁጥር ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን እየተደመረ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኬሚካል የሚገዛው በሱ ነው፣ ዘር ይቀየር የሚባለው በሱ ነው፣ እርዳታ የሚጠየቀውም በሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተወለደው ሞተር ሳይክል ላይ እንደተቀመጡ ከመንገድ ዳር በታየ አንድ ማሳ ነው። እውነቱን እንነጋገር ካላችሁ እንደዛ ነው።

አንድ ማሳ እንውሰድ። ምሳሌ ነው፣ የማንም ማሳ አይደለም። ስንዴ ተዘርቷል፣ ቢጫ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ገብቶበታል፣ ባለቤቱ በሄክታር 30 ኩንታል አገኘ። ስንት በመቶ ጠፋበት?

ያው ዝርያ ምርምር ጣቢያ ላይ 60 ኩንታል ሰጥቷል የሚል ወረቀት የያዘ ባለሙያ «ግማሹ ጠፋ» ይላል። 50 በመቶ። የአምናውን መዝገብ የያዘው ደግሞ «አምና እኮ 28 ነበር፣ እንዲያውም ጨምሯል» ይላል። ዜሮ። አምና ዝናቡ ቀድሞ መውጣቱን የሚያነሳ የለም። እዚያው ማሳ ላይ ግን ከዋግ የተጠበቀ ቁራሽ መሬት ነበር እንበል፤ ያው ዘር፣ ያው አፈር፣ ያው ማዳበሪያ፣ ያው ዝናብ፣ አንድ ቀን የተዘራ። እሱ 40 ኩንታል ሰጠ። ስለዚህ ዋጉ የወሰደው 10 ኩንታል ነው። ከ40 ላይ 10 ማለት 25 በመቶ።

አንድ ማሳ፣ ሦስት መልስ። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ ያወዳደረው ከሌላ ነገር ጋር ነው።

በሙያው የምንቀበለው ሦስተኛውን ነው። መነሻው እዚያ ማሳ ላይ፣ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ገበሬ አያያዝ፣ በሽታው ባይኖር ሊገኝ ይችል የነበረው ምርት ነው። ከ60 እስከ 40 ያለው ክፍተት የአፈሩ፣ የውሃው፣ የማዳበሪያው፣ የዘገየው ዘር ጉዳይ ነው፤ እሱንም በዋጉ ላይ መጫን ባልሠራው ወንጀል መክሰስ ነው። ደግሞ ተጠንቀቁ፣ አሥሯን ኩንታል ለ40 ሳይሆን ለ30 የሚያካፍል አለ። 33 በመቶ ይወጣለታል። ይሄን ስህተት የተከበሩ ወረቀቶች ላይ ሳይቀር አይቼዋለሁ፣ ስም አልጠራም።

እሺ፣ አሁን ወደ ቅጠሉ።

ቢጫ ዋግ የከፋበት ስንዴ ውስጥ የገባ ሰው ሱሪው ቢጫ ሆኖ ነው የሚወጣው። ዱቄቱ ከጉልበት በታች ይለጠፋል። ይሄን ያየ ሰው 80 በመቶ ብሎ ቢጽፍ አልፈርድበትም፣ ያስደነግጣላ። ግን ያየው ቅጠል ነው፣ ኩንታል አይደለም። በሁለቱ መሃል ብዙ መንገድ አለ።

አንደኛ፣ ዓይናችን ያጋንናል። በተለይ ጉዳቱ ትንሽ ሆኖ ነጥቦቹ ብዙና ደቃቅ ሲሆኑ፣ 5 በመቶ የሆነውን 20 ብለን ነው የምናነበው። ይሄ እዚህ አገር ብቻ ያለ ችግር አይደለም፣ በየትም አገር ባለሙያ ላይ ተፈትኖ የታየ ነው። ሁለተኛ፣ ለዋግ የምንጠቀምበት መለኪያ ራሱ ወጥመድ አለው። የተሻሻለው የኮብ መለኪያ ላይ «100» ተብሎ የሚነበበው ዋጉ የቅጠሉን 37 በመቶ ገደማ ሲሸፍን ነው። ከዚያ በላይ ቦታ የለውም ተብሎ ነው ጣሪያው እዚያ ላይ የተደረገው። እንግዲህ «ስልሳ ኤስ» ብላችሁ ስትመዘግቡ ቅጠሉ የተሸፈነው 22 በመቶ አካባቢ ነው ማለት ነው፤ «ኤስ» ደግሞ ዝርያው ተጋላጭ መሆኑን ነው የሚነግረን። መለኪያው ለዝርያ ማወዳደሪያ ጥሩ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ያንን 60 ወስዶ የምርት ጉዳት ሳጥን ውስጥ መክተት ግን ጉድ ነው።

ሦስተኛው መቼ የሚለው ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምጨቃጨቅበት እሱን ነው። ስንዴው ዛላ ሳያወጣ የገባ ዋግና ፍሬው ከጠነከረ በኋላ የገባ ዋግ ፎቶ ላይ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው የፍሬውን ቁጥርም ክብደትም ይበላል። የሁለተኛው ጉዳት ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይለካም። ፍሬውን የሚሞላው በአብዛኛው ከዛላው ሥር ያለው የመጨረሻው ቅጠልና ከሱ በታች ያለው ነው። ታች ያሉት ቅጠሎች ቢነዱም እነዚያ ሁለቱ ንጹህ ሆነው ፍሬው ወተት እስኪይዝ ከቆዩ፣ ገበሬው ብዙ አልተጎዳም። ስለዚህ ቀኑንና ሰብሉ የደረሰበትን ደረጃ ያልጻፈ ሪፖርት ለኔ ግማሽ ሪፖርት ነው።

በቆሎ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን የገባው በፈረንጆቹ 2017 ነው፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል። እምብርቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲበላ ቅጠሉ ሲዘረጋ ወንፊት ይሆናል፤ ከሩቅ ያየ ሰው በቆሎው አለቀለት ይላል። ያኔ ጋና ላይ ገበሬ ተጠይቆ በአማካይ 45 በመቶ ጠፋ ተባለ፣ ዛምቢያ ላይ 40። ከዚያ ተነስቶ መከላከል ካልተደረገ 12 የአፍሪካ አገሮች በዓመት ከ8.3 እስከ 20.6 ሚሊዮን ቶን በቆሎ ያጣሉ የሚል ግምት ወጣ። በኋላ ምስራቅ ዚምባብዌ ላይ ማሳ ውስጥ ገብተው ጉዳቱንና ምርቱን ሲለኩ፣ ብዙ ተክል ተበልቶ ሳለ ከምርቱ የቀነሰው 12 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። አገሩም ዓመቱም ይለያያል፣ አንዱ ሌላውን ውሸታም አያደርገውም። ግን ገበሬ ተጠይቆ በተነገረውና ማሳ ላይ በተለካው መካከል ያለውን ርቀት አስተውሉት።

ለምን ሆነ? በቆሎ ልጅ ሳለ ቅጠሉ ቢበላ ያገግማል፣ ዝናብ ካገኘ በተለይ። ስንዴና ጤፍ ደግሞ አንድ ቡቃያ ቢሞትባቸው ጎረቤቱ ብዙ አቆጥቁጦ ቦታውን ይሞላል። በቆሎ ግን ተክሉ ራሱ ከሞተ የሚተካው የለም፣ ቦታው ባዶ ይቀራል። አገዳ ቆርቁር ገብቶ መሃሉን ያደረቀው ተክልም እንደዛው ነው። ስለዚህ ስትቆጥሩ «የተበላ» እና «የሞተ» የሚሉትን ለዩ። በደብልዩ ቅርጽ ሂዱ፣ አምስት ቦታ ቁሙ፣ በየቦታው ሃያ ሃያ ተክል እዩ፤ መቶ ይሞላል፣ ሂሳቡም አያስቸግርም። ለተምቹ በተለምዶ የሚሰጠው ምክርም ይሄንኑ ቆጠራ ይጠቀማል፦ ገና ልጅ ሳለ ከመቶ 20 ተክል ገደማ ሲጠቃ መርጨት፣ ከፍ ሲል 40 ገደማ፣ ካበበ በኋላ አነስተኛ ገበሬ ባይረጭ።

አሁን ወደ መለካቱ። ከሁሉም የሚታመነው ዘዴ ጎን ለጎን ነው። አንዱን ቁራሽ በፀረ ፈንገስ ትጠብቁታላችሁ፣ ሌላውን ትተዉታላችሁ፣ ቢያንስ ሦስት አራት ቦታ ትደግሙታላችሁ። አንድ ጥንድ ብቻ ካላችሁ የለካችሁት ዋጉን ይሁን የአፈሩን ልዩነት አታውቁም። መሃላቸው ላይ ክፍተት ተዉ፣ ካልሆነ ኬሚካሉ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፣ ዋጉም ይሻገራል። እዚህ አዳማ ዙሪያ የቆሙትን የነፋስ ማመንጫዎች ያየ ሰው ነፋሱን አቅልሎ አያይም፤ የዋግ ዱቄት ደግሞ በነፋስ ነው የሚሄደው። ቆላው ላይ የበጋ መስኖ ስንዴ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ዋጉ በበጋም የሚያርፍበት አረንጓዴ አላጣም።

ምርቱን ለመለካት አራት በአራት ሜትር ትቆርጣላችሁ። 16 ካሬ ነው። በኪሎ የተመዘነውን በ625 ስታባዙት የሄክታሩ ይመጣል፤ 6.4 ኪሎ ማለት 4,000 ኪሎ፣ 40 ኩንታል። ቀላል ይመስላል። ካስማ ስትተክሉ ግን ከጥግ እስከ ጥግ ያለውንም ለኩት፣ 5 ሜትር ከ66 ሳንቲም ካልሆነ አራት ማዕዘናችሁ ተንጋዷል። እያንዳንዱን ጎን 20 ሳንቲም ብቻ ብታስረዝሙት ስፋቱ 10 በመቶ ይጨምራል። በዚያች 20 ሳንቲም ብቻ የምትፈልጉትን ያህል ጉዳት መፍጠርም ማጥፋትም ትችላላችሁ። ገመዱ ላይ ያረፈ ተክል ሲኖር ሥሩን እዩ፤ ሥሩ ውስጥ ከሆነ ይቆረጣል፣ ውጭ ከሆነ ይቀራል። ዛላው ወደ ውስጥ ስላጋደለ ብቻ አይቆረጥም።

ቦታውንስ ማን ይመርጣል? ገበሬው ካሳ ይመጣል ብሎ ከጠረጠረ የባሰውን ያሳያችኋል። ሞዴል ገበሬ ተብሎ የሚሸለም ከሆነ የተሻለውን ያሳያችኋል። እናንተም ጫማ እንዳይበላሽ ዳር ዳሩን ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ማሳው ጋ ሳትደርሱ፣ መንገድ ላይ ሳላችሁ፣ ከጥጉ ስንት እርምጃ ገብታችሁ ወደየት ስንት እርምጃ እንደምትታጠፉ ወስናችሁ ጻፉ። ያረፈበት ቦታ ራሰ በራ ቢሆንም እሱው ይለካል። «አባባ፣ ቁጥሩ ነው እዚህ ያመጣን» ትሏቸዋላችሁ፤ ይስቃሉ፣ ግን ይገባቸዋል።

ሳይመዘን ቃል የሚያዝበት ጊዜም አለ። «አባባ፣ ስንት አገኙ?» «አሥራ ሁለት ማዳበሪያ።» ማዳበሪያ ማለት ጆንያው ነው። ግን የትኛው ጆንያ? እስከ አፉ ነው ወይስ ተሰፍቶ? መሬቱስ በጥማድ ነው በቀርጥ ነው፣ የማን አገር ጥማድ? ሁለቱንም ሳትጠይቁ ወደ ኩንታል በሄክታር አትቀይሩ። እርጥበቱም አለ። ገና ያልደረቀ በቆሎ በ20 በመቶ እርጥበት 50 ኩንታል ቢመዝን፣ ወደ 12.5 ሲወርድ 45.7 ነው። አራት ኩንታል ከምናምኑ ውሃ ነበር፤ ነቀዝ አልነካውም፣ ተምችም አልበላውም።

ማሽላ ላይ ግሪሳ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ርጭትና ጥንድ አይሠራም። ለወፍ የሚሠራው መሸፈን ነው። ማሽላው እሸት ሳይሆን በፊት የተወሰኑ ዛላዎችን በመረብ ከረጢት ሸፍኑ፣ አጠገባቸው ያሉትን ምልክት አድርጋችሁ ክፍት ተዉ፣ ሲደርስ ሁለቱንም መዝኑ። አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ገደማ ይበላል ይባላል። ምንም አይደለም ትላላችሁ፣ ግን የሚመጣው በመቶ ሺህና በሚሊዮን ነው፤ ሚሊዮን ወፍ በቀን 100 ኩንታል ነው። ደግሞ ማሳውን እኩል አይበላም። ከሚያድርበት ዛፍ አጠገብና ከዳሩ ይጀምራል፣ ወንጭፍ የያዙ ልጆች ባሉበት በኩል ይቀንሳል። ከረጢቱን ዳር ላይ ብቻ ካሰራችሁ አገር ጠፋ ትላላችሁ፤ መሃል ብቻ ካሰራችሁ ምንም አልሆነም።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፈው። አረም 40፣ ዋግ 40፣ ነፍሳት 30 ተብሎ የመጣ ሪፖርት አጋጥሞኛል። ድምሩ 110 በመቶ! ገበሬው የሌለውን ከፍሏል ማለት ነው። ጉዳት እንዲህ አይደመርም። አረሙ 40 ከወሰደ ዋጉ የሚያገኘው የቀረውን 60 ነው፣ ከሱ 40 በመቶ ሲወሰድ 36 ይቀራል፣ ከዚያ ላይ 30 በመቶ ተነስቶ 25 ገደማ ይቀራል። ጠቅላላ ጉዳቱ 75 በመቶ ነው ማለት ነው። ይሄም ቢሆን አንዱ ሌላውን አይነካውም ብለን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይነካካሉ።

አማካይ የሚባለውም ያሳስታል። በ2010፣ በፈረንጆቹ ነው የምለው፣ ቢጫ ዋግ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሄክታር ስንዴ አዳረሰ፤ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ የዘራ ሁሉ ተመታ። ከዚያ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ የሚባል ዝርያ በየቦታው ተስፋፋ። በ2013 መጨረሻ ደግሞ ባሌ ላይ የሌላው ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ አዲስ ዓይነት መጣና ያንኑ ዲገሉን መታው፤ አንዳንድ ማሳ ላይ የሚታጨድ አልተረፈም። አገር አቀፍ አማካይ ቢሠራ ያ ጉዳት ትንሽ በመቶኛ ሆኖ ነው የሚታየው። ዲገሉን ብቻ የዘራው ገበሬ ጋ ግን መቶ ነው። ለዚህ ነው ዝርያውን ካልጻፋችሁ ቁጥሩ ግማሽ ነገሩን የሚያጣው። የአንዱ ገበሬ ስንዴ ነድዶ የጎረቤቱ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ በዝርያው ነው።

የዓለሙን ቁጥር ለሚወድ ደግሞ፣ በፈረንጆቹ 2019 የወጣ ትልቅ ጥናት በበሽታና በተባይ ስንዴ 21.5 በመቶ፣ በቆሎ 22.5 በመቶ ያጣል ብሏል። ጥሩ ሥራ ነው፣ እኔም እጠቅሰዋለሁ። ግን ከስልሳ በላይ አገሮች ያሉ ባለሙያዎች ተጠይቀው የተሰበሰበ ግምት ነው፤ የስንዴው ራሱ እንደየቦታው ከ10 እስከ 28 ይሰፋል። እሱን ቆርጦ የቦሰት ወይም የሉሜ ወረዳ ሪፖርት ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ጥያቄዎች፦

አንድ የልማት ጣቢያ ሰራተኛ፦ «ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን አንድ ለእናቱ ሆኜ ሦስት ቀበሌ ነው የምሸፍነው። ማን ገመድ ይዞ ይዞራል?»

ልክ ነህ። ሁሉንም ማሳ ለካ አላልኩም። አምስት ማሳ በደንብ ለካ፣ ሃምሳውን በዓይንህ እይ፤ ግን አምስቱንም ከመለካትህ በፊት በዓይን ገምተህ ጻፍ። ዓይንህ ስንት እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ከዚያ ታገኘዋለህ፣ ሃምሳውንም በሱ ታርመዋለህ። ሁለት ሦስት ወቅት ከሠራህበት ዓይንህም ይገራል።

አንዲት የወረዳ ባለሙያ፦ «ከላይ የሚጠይቁን ግን በብር ነው። በዋጋ አባዝተን እንላክ?»

ኩንታሉን ለብቻ፣ ብሩን ለብቻ ላኪ። ዋግ ብዙ ወረዳ ሲያዳርስ ስንዴ ይወደዳል፣ ያልተጠቃበት ገበሬ ያተርፋል፣ ገዥው ይከስራል፤ በአምና ዋጋ ያባዛሽው ቁጥር ይሄን ሁሉ አያሳይም። በሌላ በኩል የኮሰመነ ፍሬ አለ። እዚሁ አዳማ ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ስንዴ ይዞ የቆመ ሰው ያውቀዋል፣ ኩንታሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ፍሬው ቀጭን ነው ተብሎ ዋጋው ይሰበራል። ያ ጉዳት ኩንታል ላይ ጭራሽ አይታይም። የርጭቱ ወጪም አለ፤ ኬሚካሉ፣ የሰው ጉልበቱ፣ ውሃ ማመላለሱ። ምርቱ ባይቀንስም ገበሬው ከፍሏል።

አንድ ተማሪ፦ «ኬሚካል ከሌለንስ? ጎን ለጎን እንዴት እናወዳድራለን?»

ያኔ ማሳው ራሱ ያበደራችሁን ተጠቀሙ። እዚያው መስመር ላይ በጣም የታመመና እምብዛም ያልታመመ አለ። ዛላ ሲያወጣ ከያንዳንዱ ሃምሳ ሃምሳ ዋና ግንድ ምረጡ፣ ቁመታቸውና ውፍረታቸው የተቀራረበውን። ይሄ ዋና ነገር ነው፤ ከሲታውን ሁሉ ከታመመው ጎን ካሰለፋችሁት ዋጉን ሳይሆን ክሳቱን ነው የምትለኩት። ሲደርስ ለየብቻ እጨዱ፣ በእጅ ውቁ፣ ፍሬውን ቁጠሩ፣ የሺህ ፍሬ ክብደት አውጡ። የጤነኛው 38 ግራም፣ የታመመው 30 ከሆነ ከፍሬው ክብደት 21 በመቶ ሄዷል። የፍሬው ቁጥርም ከቀነሰ ዋጉ ቀድሞ ነው የገባው ማለት ነው፣ እሱንም አስቡት። ምልክቱን ግን በቀይ ክር እሰሩ። በነጭ ያሰረ ልጅ አውቃለሁ፤ ስንዴው ሲደርስ ከሃምሳው ግማሹን እንኳ መልሶ አላገኘውም።